የአያ ዳኘው ኪታራ

አያ ዳኘው በገናውን ከግድግዳ ባወረደ ቁጥር ሚስቱ የሻሽወርቅ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ታፍን ነበር ይላሉ። ሐሰት ነው። የጎረቤት አፍ ደግሞ ሐሰት አጥቶ ያውቃል? ያፈነችስ አፍናለች፤ ሳቅ ግን አልነበረም። ምን እንደነበር እንደርስበታለን፤ ወጥ ሳይበስል ክዳን አይከፈትም።

ቤታቸው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው የመኪና መንገድ ገባ ብሎ፣ ላህ ወንዝ አጠገብ ነበር። ዳኘው ረዥም ነው፤ ቀጭን ነው፤ ጋቢውን ሲያጣፋ ቤተ መንግሥት ሊገባ እንጂ ከብት ሊመልስ የሚወጣ አይመስልም። በአገሩ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ የቀኛዝማች እንዳለው ልጅ በመሆኑና በበገናው። ሰርግ ሲጠራ ከላይ ያስቀምጡታል። ሽማግሌ ሲፈለግ መጀመሪያ የሱ ደጅ ይመታል። ባለጠጋ ሆኖ አይደለም፤ ያለው ስምንት ቃዳ፣ ሁለት ሄክታር ያህል፣ መሬትና አንድ ጥማድ በሬ ነው። ግን እኛ አገር አጥንት ይቆጠራላ! ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው እንኳ እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ጠግቦ ያድራል።

የሻሽወርቅም የተሰጠችው በዚሁ አጥንት ነው። ሦስት ጥማድ በሬ ያለው ሰው ጠይቋት ነበር፤ መልኩም አያስቀይምም ነበር አሉ። አባቷ ግን «በሬ ይሞታል፣ አጥንት አይሞትም» ብለው ለዳኘው ሰጧት። የዚያ ሰውዬ በሬዎችም ሞቱ፤ የዳኘውም አጥንት... ቆይ፣ አንቸኩል።

አንድ ልጅ ወለዱ። አበጀ ይባላል። ደርግ ሊወድቅ ሲል ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ ወሰዱት፣ ቀረ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። የሻሽወርቅ የምትሄድበት መቃብር ስታጣ የወንዝ ዳሩን ማሳ መቃብር አደረገችው። አበጀ በተወሰደ ማለዳ ጠምዶ ያርስ የነበረው እዚያ ነበር። መጨረሻውን ትልም ሳይጨርስ ነው የጠሩት። ከዚያ ወዲህ ማሳው ጥግ ላይ ቆማ ብቻዋን ስታወራ የሚያዩዋት ነበሩ። እብድ ናት ያሏት አሉ። እናት ናት።

እንግዲህ በገናው። በገና የዘፈን ዕቃ አይደለም፤ ሰርግ ላይ አይወጣም፤ ጠላ ቤት አይገባም። ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ይኖርና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይወርዳል። ዳኘው ሮብና ዓርብ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ቤቱን ከፍቶ ይደረድራል። ዐሥር አውታር አለው፤ እያንዳንዱ ከታች ቁራጭ ቆዳ ተደርጎለታል፤ ሲነካ እንደ ንብ ቀፎ እምምም ይላል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ኃጢአቱ ትዝ ይለዋል። ከሁሉ አብልጣ የምታለቅሰው ጎረቤታቸው አደይ ነበረች። የዋርሳዋን፣ የባሏን ወንድም፣ የድንበር ድንጋይ ሁለት እርምጃ መግፋቷን የማያውቅ አልነበረምና፣ ሲደረደር ሰው የሚያየው ዳኘውን ሳይሆን እሷን ነው።

አውታሩ ከበግ አንጀት ነው የሚሠራው። ፋሲካ ማግስት ዳኘው በየቤቱ ይዞራል፤ ለውሻ የሚጣለውን ቀጭኑን አንጀት ይሰጡታል። ወንዝ ወርዶ ያጥበዋል፤ በቢላዋ ጀርባ ይፍቀዋል፤ እርጥቡን በጣቱ ያከረዋል፤ ከዚያ በሁለት ካስማ መሃል ወጥሮ በነፋስ ያደርቀዋል። ይሸታል። ለሳምንት ያህል የሻሽወርቅ አጠገቡ ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

«ለምን ሌላ ሰው አያጥብልዎም፣ አያ ዳኘው?» ይሉታል።

«ንጉሥ ዳዊትስ ለማን ሰጥቶ አሳጠበ?» ይላል። «የምስጋና አውታር በሰው እጅ አይከርም።»

ሰውም «እውነት ነው» ይላል። የጌታ ልጅ የተናገረው ምኑ ውሸት ይሆናል?

አሁን ክዳኑን እንክፈት። አማቷ ወለተ ኢየሱስ ሊያርፉ ሲሉ ሰዉን ሁሉ አስወጥተው የሻሽወርቅን ብቻ አስቀሩ። እጇን ይዘው «ልጄ፣ ይችን ነገር ይዤ አፈር አልገባም» አሏት። «ባሌ፣ የዳኘው አባት፣ ቀኛዝማች አልነበረም። ደጋ ዳሞት የቀኛዝማች ይታገሱ አሽከር ነበር፤ በገናቸውን አዝሎ የሚከተል፣ አውታር የሚያከር። በጣሊያን ጊዜ ጌታውን በስደት ላይ ንዳድ ገደላቸው። እሱ ቀበራቸው። በገናዋን የሚረከብ ዘመድ አጣ፤ አዝሎ እዚህ አገር መጣ። ቀኛዝማች ነኝ አላለም፣ አምላክ ምስክሬ! ሰው ነው ያለው። በገና ታቅፎ የመጣን ሰው ማን አሽከር ይለዋል? እሱም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልሁ። ዳኘው ያውቃል። አንቺ እንዳወቅሽ ግን አይወቅ።»

የሻሽወርቅ እሺ አለች። ሴትየዋን ቀበረች፤ ነገሩንም አብራ ቀበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ ባሏ «አባቴ ቀኛዝማች» ባለ ቁጥር ጠላ ትቀዳለች። በገናው በወረደ ቁጥር የምታፍነው ይህን ነው።

በሰማንያ ዘጠኝ ዐቢይ ጾም፣ አንድ ዓርብ፣ መሪጌታ ባንተአምላክ ሊያዳምጡ መጡ። የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የማያውቁት የለም፤ ያላወቁትንም እንዳወቁት አድርገው ያወሩታል። ዳኘው ደርድሮ ሲያበቃ እንባቸውን ጠረጉና «ይህን ዕቃ እኛ በገና እንለዋለን» አሉ። «መጽሐፉ መጀመሪያ በተጻፈበት በጽርዕ ቋንቋ፣ በግሪኩ፣ ግን ኪታራ ነው የሚባል። ዮሐንስ ሰማይ ተከፍቶ ያያቸው ሃያ አራቱ ሽማግሌዎች፣ አክሊል ደፍተው፣ ነጭ ለብሰው፣ እያንዳንዳቸው ኪታራ ይዘዋል።»

«ኪታራ!» አለች አደይ። «ቡሬ ሆቴል ውስጥ ጎረምሶች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚቧጥጡት ጊታር መሆኑ ነው?»

«የሱ አያት ናት። ያኛው የልጅ ልጅ ነው፤ ባልጎ የቀረ።»

ዳኘው ደስ አለው። በገናውን ጭኑ ላይ አስደግፎ «አክሊል የደፉ ነው የሚሉ?» አለ።

«አክሊል የደፉ።»

«ጌቶች ናቸዋ!»

የሻሽወርቅ በሩ ጥግ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅም ነበር። ምን እንደነካት እንጃ፣ ቀና አለችና «አውታሩንስ ማን ያከርላቸዋል፣ መሪጌታ?» አለች።

ሰው ሳቀ። መሪጌታም ሳቁ። «እሱን ዮሐንስ አላየም፣ የሻሽወርቅ» አሉ። ዳኘው ግን አልሳቀም። ሚስቱን አየት አደረጋት፤ እሷም ሽምብራዋን ለቀመች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዳኘው በገናዬ ማለት ትቶ ኪታራዬ ሆነ ነገሩ። «ኪታራዬን አቀብይኝ»፣ «ኪታራዬን ጢስ እንዳይነካት»። አገሩም «አያ ኪታራ» አለው። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ መሬት እንደገና ሊሸጋሸግ ነው የሚለው ወሬ ከላይ ወርዶ ደጅ ደርሷል።

ሽግሽጉን ያየ ያውቀዋል። በደርግ ጊዜ ሹም የነበረ «ቢሮክራት» ይባላል፤ የድሮ ጌታ ዘር ደግሞ «ቅሪት ፊውዳል»። የተባለ ሰው ከአራት ቃዳ በላይ ያለው መሬት ይቀነስበታል። ማን ምን እንደሆነ የሚለየው ሕዝቡ ነው፤ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ። ሕዝብ ሲባል ደግሞ የምትበላውን የሚያውቅ ጎረቤትህ ነው። ትናንት ቡና ያጣጣህ ዛሬ እጁን ያወጣብሃል።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ገነነ ነበር። ወጣት ነው፤ ካኪ ኮት ይለብሳል፤ የደረት ኪሱ ላይ ብዕር ይሰካል፤ ብዕሩ ቀለም የለውም የሚሉም አሉ። ሕፃን ሳለ ዓርብ ዓርብ እናቱ ጉያ ተወሽቆ የዳኘውን በገና ሲሰማ እንቅልፍ ይወስደው ነበር።

ስብሰባው ለነገ ሲባል፣ ማምሻውን ከብቶቹ ገብተው፣ የሻሽወርቅ ባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

«አንቱ» አለች፣ «ነገ የማን ልጅ ነዎት ቢልዎ ምን ሊሉ ነው?»

«ሌላ ምን እላለሁ? የቀኛዝማች እንዳለው ነዋ!»

«የገበሬ ልጅ ነኝ ቢሉስ? በገናዋን ተሰው ነው ያገኘኋት ቢሉስ?»

«የአባቴን አጥንት ልክድ?»

«አጥንቱ አፈር ውስጥ ነው፤ እህል አይበላ። የሚወስዱት የወንዝ ዳሩን ነው። ገነነ ዓይኑን ተጣለበት ቆይቷል፤ ውሃ ገብ ነው፣ ጥቁር አፈር ነው። የአበጀ ትልም እዚያ ነው ያለችው።»

ዳኘው ልጁን ስትጠራበት እንዲህ ነው፤ ወደ እሳቱ ያያል። «ልጄ የለም» አለ። «በሬዬ አርጅቷል። የቀረኝ ስም ነው። ስሜን አውጥቼ መሬት ልግዛበት?»

የሻሽወርቅ ያን ጊዜ «አውቃለሁ» ልትል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው። ምነው በዚያች ሰዓት በተናገረች! ቤት ውስጥ፣ ለብቻቸው፣ አንድ ነገር ይሆኑ ነበር። ግን ለአማቷ የገባችው ቃል ያዛት፤ በውስጧም «ዋርካው ሥር ሲቆም ልቡ ይመለስ ይሆናል» አለች።

አልተመለሰም።

በማግስቱ ዋርካው ሥር አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ሴቶቹ አንድ ወገን፣ ወንዶቹ አንድ ወገን። ገነነ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠራል። የሁለት ሰው ነገር ታየ፤ አንዱ አለቀሰ፣ አንዱ ተራገመ። ሦስተኛው ዳኘው ሆነ።

«አያ ዳኘው፣ እስቲ ይነሡ። የማን ልጅ ነዎት?»

ዳኘው ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣ። ከድንጋዩ ላይ ከቆመው ገነነ ይረዝም ነበር።

«የቀኛዝማች እንዳለው።»

«ሕዝቡ ሰምቷል» አለ ገነነ። «እኔ ምን ልጨምር? ደግሞ ቤታቸው ኪታራ የሚባል ዕቃ አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጭቁን ገበሬ ዋሽንት ይነፋል፤ ኪታራ ይደረድራል? ስሙ እንኳ የፈረንጅ ነው።»

«የጽርዕ ነው!» አሉ መሪጌታ ከኋላ።

«ጽርዕም ፈረንጅ ነው፣ መሪጌታ።»

ሳቅ ሆነ። መሪጌታ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰው በሳቅ ዋጣቸውና ተቀመጡ። ያቺን ቃል ባላመጣኋት ብለው እስኪሞቱ ድረስ ሲቆጩ ኖረዋል።

«እንግዲህ» አለ ገነነ፣ «በቅሪት ፊውዳልነት ከስምንቱ ቃዳ አራቱ ይቀነሳል። የወንዝ ዳሩ። የምትደግፉ እጅ...»

«እኔ ልናገር።»

ሰው ዞረ። የሻሽወርቅ ተነሥታ ቆማለች። ዋርካው ሥር ሴት ቆማ ስትናገር ብዙ አልታየም፤ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ወደ ባሏ ሳታይ፣ ወደ ዋርካው ግንድ ነበር የምታየው።

«እማማ የሻሽወርቅ፣ ባልዎ ተናግረዋል» አለ ገነነ። «በአፋቸው።»

«ባሌ የተናገረው እናንተ ያላችሁትን ነው። እኔ እናቱ ሲሞቱ የነገሩኝን ልናገር። የባሌ አባት ቀኛዝማች አልነበረም። የቀኛዝማች አሽከር ነበር። በገናዋ የጌታው ናት፤ እሱ ተሸካሚ ነበር።»

ከወንዶቹ ወገን አንዱ «ለመሬት ብላ ነው!» ብሎ ጮኸ። «መሬት ሲመጣማ እኔም የአሽከር ልጅ ነኝ!» አለ ሌላው። ሳቁ ተመለሰ። ገነነም ፈገግ ብሎ «ምስክር አለዎት?» አላት።

«ምስክሬ እናንተ ናችሁ» አለች። አሁን ዞራ ሰዉን አየች። «እስቲ ንገሩኝ፤ በዚህ አገር የጌታ ልጅ አንጀት ሲያጥብ ያየ አለ?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ።

«ጌታ በገና ይደረድራል። አውታሩን የሚፍቅ፣ የሚያከር፣ ግማቱን የሚችል አሽከሩ ነው። የጌታ ልጅ ማከሩን ተማን ይማረዋል? ዳኘው ግን ያውቃል፤ ተአባቱ ተምሮታል፤ አባቱም ሥራው ስለነበር ነው። ፋሲካ በመጣ ቁጥር በየደጃችሁ ሲዞር አላያችሁም? የማንኛችሁን በግ አንጀት ነው ያልተሸከመ? ጣቱን እዩት!»

ሁሉም የዳኘውን ጣት አየ። ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ያዩት ጣት ነው፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መካከል እንደ ጫማ ቆዳ የጠጠረ። ያን ቀን ገና ያዩት መሰላቸው። አደይ ናት የጀመረችው፤ አፏን ይዛ ኖራ ኖራ ፈነዳች፤

«ወይ የኔ ነገር! ለጌታ ልጅ መስሎኝ ከውሻዬ አፍ ነጥቄ የሰጠሁት አንጀት!»

ዋርካው በሳቅ ተነቃነቀ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። የሻሽወርቅ ብቻ አልሳቀችም፤ ዳኘውም።

ገነነ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አያ ዳኘው» አለ፣ «እውነት ነው?»

ያቺን ጊዜ ዳኘው ሚስቱን አያት። ሐሰት ነው ቢል መሬቱ ይሄዳል፤ እሷም በአገር ፊት ቀጣፊ ሆና ትቀራለች፤ እሱ ግን የቀኛዝማች ልጅ ሆኖ ይኖራል። አያት፣ አያት። ከዚያ ጣቱን ጋቢው ውስጥ ደበቀ።

«ሚስቴ ዋሽታ አታውቅም» አለና ተቀመጠ።

መሬቱ ተረፈ። አንድ እጅ እንኳ አልወጣበትም፤ የአሽከር ልጅ መሬት ማን ይነጥቃል? ስብሰባው ሌላ ሰው ጠራ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ተመቼ ጀምረሽ ነው የምታውቂ?»

«እናትዎ ካረፉ ጀምሮ።»

«እንግዲያ ሃያ ዓመት ስትስቂብኝ ኖረሻል።»

«ስቄብዎ አላውቅም» አለች። ዋሽታ አታውቅም ተብሎላት እንዴት ትዋሽ? «አንድ ጊዜ ብቻ። አባቴ ያን ባለ ሦስት ጥማዱን እንዴት አድርገው እንደመለሱት ትዝ ብሎኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። ያን ቀን ገብቶ ተኛ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

በሚቀጥለው ዓርብ የሻሽወርቅ ቤቱን ጠርጋ፣ ቄጤማ ነስንሳ ጠበቀች። ሰው አልመጣም። ለምን አልመጣም ቢባል ማንም አይነግርህም፤ አንዱ ከብት ጠፍቶብኝ፣ አንዱ ወገቤን አሞኝ ይላል። በገናው ያው በገና ነው፤ ጣቱም ያው ጣት ነው። ግን ሰው የሚያለቅስለት የቀኛዝማች ልጅ ነበር እንጂ አንጀት አጣቢ አይደለማ! አረቄ ቤት ደግሞ ስም ወጥቶለታል፤ «አያ አንጀት»። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። በፊት ልጆች ሲያዩት ጉልበት ይስሙ ነበር።

የመጡት መሪጌታ ባንተአምላክ ብቻ ነበሩ። ብቻቸውን መጥተው ባዶው ቤት መሃል ተቀመጡ።

«ደርድር እንጂ፣ ዳኘው።»

ዳኘው በገናውን አወረደ። መቃኛውን አጠበቀ፣ አላላ። ጣቱ አውታሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እምቢ አለኝ» አለ።

«ማን?»

«ኪታራዋ። ጌታዋን ፈለገች።»

መሪጌታ ለማጽናናት ብለው፣ እስራኤል በባቢሎን ተማርከው ሳሉ ዘምሩልን ቢሏቸው መዘመር አቅቷቸው፣ በገናቸውን በወንዝ ዳር አኻያ ዛፍ ላይ እንደሰቀሉ ነገሩት። «እነሱም ኋላ ላይ አወረዷት» አሉ። መጽናናቱ በኋለኛዋ ቃል ነበር። ዳኘው የሰማው የፊተኛዋን ነው።

ደብረ ዘይት በዋለ ማግስት የሻሽወርቅ ከወፍጮ ስትመለስ ግድግዳው ባዶ ነው። ጋቢው የለም፤ በትሩ የለም። ጎረቤት ጠየቀች፤ ያየ የለም፤ ወሬ የማያመልጣት አደይ እንኳ አላየችም። እግሯ ወደ ወንዝ ዳሩ ማሳ ወሰዳት። የአበጀ ትልም ካለችበት በታች፣ ውሃው ላይ ያጎነበሰች አንዲት አኻያ አለች። በገናው እሷ ላይ ተሰቅሏል። ዐሥሩ አውታር ከሥር ተቆርጧል። ነፋስ ሲመጣ የቆዳዎቹ ቁራጭ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለም።

አወረደችው። እንደ ልጅ አዝላ ወደ ቤት ወሰደችው። ያዩዋት እንዳሉት፣ ከኋላ ሲያዩዋት ያ ድሮ በገና አዝሎ የመጣው ሰው ነበር የምትመስለው።

ፋሲካ ደረሰ። የሻሽወርቅ በግ አላረደችም፤ ለማን ትረድ? በዕለቱ ገነነ ኮቱን ለብሶ መጣና ደጁ ላይ ተቀመጠ። ስለ በዓሉ አወራ፤ ስለ ዝናቡ አወራ፤ ገነነ እንዲህ ሲዞር ነገር አለው።

«እማማ» አለ በመጨረሻ፣ «አያ ዳኘው የሉም። እርስዎ ደግሞ ማረስ አይሆንልዎም። በሬውም አርጅቷል። መሬት ጦም ካደረ ደግሞ ሰው ይናገራል፤ ኮሚቴውም... እኔ እንኳ ዝም ብል ሌላው ዝም አይልም። እኩል ላርስልዎ።»

«እኩል?»

«ግማሽ ለርስዎ፣ ግማሽ ለኔ። አገሩ የሚያደርገው ነው።»

የሻሽወርቅ ሳቀች። በእውነት ሳቀች፤ አፏን በነጠላ እንኳ አላፈነችም። ገነነ ደነገጠ።

«ምነው፣ እማማ?»

«ምንም። ያኔ ዋርካው ሥር የጠየቅኸኝም ግማሹን ነበር ብዬ ነው።»

ገነነ አቀርቅሮ መሬቱን በእንጨት ይጭር ጀመር። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ያ ነው የሚያናድደው። የሻሽወርቅ «እረስ» አለችው። «ከላይ ጀምረህ እረስ። ታች አኻያው ጋ ግን ያላለቀች አንዲት ትልም አለች፤ እሷን ተዋት።»

«ኧረ እማማ፣ እሷ ትልም ከጠፋች ስንት ዓመቷ!»

«ተዋት ብዬሃለሁ።»

እሺ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ አደይ መጣች። እጇ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ደጁ ላይ ስትደርስ ቆማ ጥቅልሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች።

«ልማድ ሆኖብኝ እኮ ነው፣ እታለም» አለች። «ትናንት በጉ ሲታረድ ሳላስበው ለይቼ አስቀመጥሁት። ለውሻ ልሰጠው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ለስላቅ አይደለም፣ ማርያምን!»

የሻሽወርቅ ተቀበለቻት። አደይ ግን አልሄደችም።

«የአክስቴ ልጅ ደጋ ዳሞት ለፈረስ ቤት ገበያ ወጥቶ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አያ ዳኘውን ገዳም ደጅ አይቶታል። ለመነኮሳቱ ውሃ ይቀዳል አሉ፤ እንጨት ይሸከማል። ጢሙ አድጎ ሊለየው አልቻለም ነበር። የማን ልጅ ነህ ብሎ ቢጠይቀው፣ የእንዳለው፣ የአሽከሩ፣ አለው አሉ። ና እንሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች ቢለው፣ እዚህም የሚጠብቁኝ አሉ ብሎ እንስራውን አንሥቶ ሄደ።»

«ጣቱን አይቶታል?» አለች የሻሽወርቅ።

«ምን?»

«ጣቱን። ቆስሏል ወይስ ደህና ነው?»

«እሱንስ አልጠየቅሁት።» አደይ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልጠየቀችው ነገር ነበረ።

አደይ ስትሄድ የሻሽወርቅ አንጀቱን ይዛ ወንዝ ወረደች። ገነነ ከላይ በሬዎቹን ጠምዶ ጀምሯል፤ ጅራፉ ይሰማል። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አጠበች። በቢላዋ ጀርባ ፋቀች። ሽታው እንደ ድሮው ነው፤ ግን አሁን ፊቷን የምታዞርበት ግድግዳ የለም። ሲያከር ሃያ ስንት ዓመት በጎን አይታዋለች፤ እጇ ግን አላወቀም፤ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት። ሦስተኛውን እያማረረች፣ እያላባት፣ ጣቶቿ መካከል ደም እስኪቋጥር አከረችው።

አኻያው ሥር ሁለት ካስማ ተከለች፤ አውታሩን ወጠረችው። በጣቷ ነካ አደረገችው። ገና እርጥብ ነውና ምንም አላለም።

የመንደሩ ውሾች ሽታውን ተከትለው አንድ ሁለት እያሉ ወርደው፣ ማዶ ተቀምጠው ምላሳቸውን አውጥተው ያዩ ጀመር። የሻሽወርቅ ድንጋይ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና አጠገቡ ተቀመጠች። ገነነ ከላይ እያረሰ እየወረደ ነው። እስኪደርቅ ድረስ ከዚያ አልተነሣችም።